ከካርታው በፊት ነፋሱ

የደቡብ ሕንድን የባሕር ዳርቻ በመኪና ለማየት የሚያስቡ ጓደኛሞች መጀመሪያ የሚዘረጉት ካርታ ነው። ካርታው ደግሞ ያማልላል። መስመሩ ከቼናይ ተነሥቶ በምሥራቁ ጠረፍ ቁልቁል ይወርድና የአገሩ ጫፍ ካንያኩማሪ ላይ ይታጠፋል፤ ከዚያም በምዕራቡ ጠረፍ ሽቅብ እየወጣ ቲሩቫናንታፑራምን፣ ኮቺን፣ ኮዚኮድንና ማንጋሎርን አልፎ ጎዋ ይደርሳል። አንዱ ጓደኛ ኪሎ ሜትሩን ይደምርና 1,800 ገደማ ነው ይላል። ሌላው በሰዓት 70 ብንነዳስ ብሎ ያካፍላል። ሦስተኛው የዐሥር ቀን ፈቃድ ከበቂ በላይ ነው ብሎ ይዘጋዋል። ወሩ የሚመረጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሁሉም ከሥራ በሚላቀቁበት ቀን ልክ ነው። በዚህ ምዕራፍ የምከራከረው ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው ብዬ ነው። በዚያ ጠረፍ መጀመሪያ መወሰን ያለበት ወሩ ነው። ወሩ ከተወሰነ ከሁለቱ ጠረፎች የትኛው እንደሚሻል ራሱ ይናገራል፤ ጠረፉ ከታወቀ የቀኑ መንገድ በፀሐይ ብርሃን ሰዓት ይለካል፤ ኪሎ ሜትር የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ይህን የሚያስገድደው በዓመት ሁለት ጊዜ አቅጣጫውን የሚቀይር ነፋስ ነው። ወደ ነፋሱ ከመግባቴ በፊት፣ ከዚህ በታች ያሉት ወሮች፣ ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ የሕንድ መንገድም ትኬትም የሚሠራው በዚያው ነው።

ነፋሱን ለመረዳት ከእኛው አካባቢ መነሣት ይቀላል። በሜይና በጁን የእስያ ምድር ሲግል፣ ከሕንድ ውቅያኖስ ደቡባዊ ክፍል የሚነሣው አየር የምድር ወገብን በኬንያ ጠረፍ በኩል ይሻገራል። በስተ ምዕራብ የኬንያና የኢትዮጵያ ተራሮች እንደ ግድግዳ ይቆሙበታል። ወደ አፍሪካ ውስጥ ዘልቆ እንዳይበተን አጥረው ይይዙታል፤ እሱም ጠባብና ፈጣን የነፋስ ወንዝ ሆኖ ሶማሊያን ታክኮ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይታጠፋል። የአረብ ባሕርን እያቋረጠ ውሃ ይሸከምና የሕንድን ምዕራባዊ ጠረፍ ይመታል። እኛ ዘንድ ክረምት በሚገባበት ሰሞን በዚያ ጠረፍ ደቡብ ያለችው የኬረላ ግዛትም ክረምት መግባቷ በአጋጣሚ አይደለም፤ ሁለቱም የአንድ ታላቅ የአየር ዝውውር ክፍሎች ናቸው። ነፋሱ ኬረላ ሲደርስ ከባሕሩ ትንሽ ገባ ብሎ የምዕራብ ጋትስ ተራሮች ሰንሰለት ይጠብቀዋል፤ ከፍተኛው ጫፍ አናሙዲ 2,695 ሜትር ነው። እርጥቡ አየር ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ የተሸከመውንም እዚያው ይጥላል። ኬረላ በዓመት ከምታገኘው ወደ 3,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚወርደው ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ነው። ከተራራው ወዲያ ማዶ ያለው ታሚል ናዱ በእነዚያ ወሮች ዝናቡ የተነጠቀ አገር ነው። ኦክቶበር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ይነሣል፣ የቤንጋልን ባሕረ ሰላጤ እየጠጣ ይመጣና የምሥራቁን ጠረፍ ያርሰዋል። ቼናይ በዓመት ከምታገኘው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ባሉት ሦስት ወሮች ነው የሚወርደው።

ይህ መገለባበጥ የጥንቱ ዓለም የጉዞ ዕቅድ ነበር። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ ስለ ኤርትራ ባሕር ንግድ በጻፈው መምሪያ ውስጥ አዱሊስም አለች፣ ዛሬ ኬረላ በምንለው ጠረፍ የነበረችው የበርበሬ ወደብ ሙዚሪስም አለች። መርከበኛው መቼ ከወደብ እንደሚለቅ የሚወስንለት ነፋሱ ነበር፤ ሄዶ ለመመለስም ነፋሱ ፊቱን እስኪያዞር መጠበቅ ግዴታው ነበር። የአክሱም ሳንቲሞች በደቡብ ሕንድ ምድር ውስጥ ተቀብረው የተገኙት በዚሁ መስመር የሄዱ ናቸው። የዛሬው መንገደኛ በጎማ ስለሚሄድ ነፋሱ የማይመለከተው ይመስለዋል። መንገዱ፣ ጀልባው፣ የባሕሩ ጠባይ፣ የዓሣው ዋጋ፣ የሌሊቱ በዓል ግን ዛሬም በነፋሱ ይተዳደራሉ።

የጠረፉ ሰዎች ኑሮ ለዚህ ምስክር ነው። ኬረላ በየዓመቱ ከጁን 9 እኩለ ሌሊት እስከ ጁላይ 31፣ ለ52 ቀናት፣ መረብ የሚጎትቱ የሞተር ጀልባዎች ወደ ባሕር እንዳይወጡ ትከለክላለች። የምሥራቁ ጠረፍ እገዳ ከኤፕሪል 15 እስከ ጁን 14 ነው። የእገዳው ዓላማ ዓሣው እንዲራባ ጊዜ መስጠት ነው፤ ለመንገደኛ ግን አንድ ነገር ይነግረዋል፦ በአንድ አገር፣ በአንድ የኬክሮስ መስመር ላይ ያሉ ሁለት ጠረፎች የተለያየ የቀን መቁጠሪያ አላቸው። በምዕራቡ ጠረፍ የሚሄደው የኮንካን ባቡር ደግሞ ሁለት የጊዜ ሰሌዳ ይዞ ነው የሚሠራው። ዝናብ ሲገባ የባቡሮቹ ፍጥነት ይቀነሳል፣ የመነሻና የመድረሻ ሰዓታቸው ይቀየራል፣ ናዳ የሚጠብቁ ሠራተኞች ሐዲዱን እየተዘዋወሩ ይቃኛሉ። ሐዲድ ላይ የሚሄድ ባቡር ለክረምት ሌላ ሰሌዳ ካስፈለገው፣ አስፋልት ላይ የሚሄድ የኪራይ መኪና የማያስፈልገው በምን ምክንያት ነው? በጁላይ 16 ቀን 2024 በሰሜን ካርናታካ ጠረፍ፣ አንኮላ አጠገብ ሺሩር በምትባል ቦታ ኮረብታው ተንዶ በብሔራዊ አውራ ጎዳና 66 ላይ ወረደ። ከመንገዱ ዳር የነበረ ሻይ ቤት ከነሰዎቹ ተወሰደ፤ ከኬረላ የሄደ አንድ የጭነት መኪና ከሾፌሩ ጋር ወንዝ ገባ፣ የተገኘውም ከሁለት ወር በላይ ከተፈለገ በኋላ በሴፕቴምበር መጨረሻ ነው። ሺሩር ጓደኛሞቹ በካርታው ላይ በጣታቸው ያለፉባት መስመር ላይ ናት።

የዝናቡ መግቢያም በቀን ተቆርጦ የሚታመን አይደለም። ኬረላ የሚደርስበት የተለመደ ቀን ጁን 1 ነው ተብሎ ይጻፋል። በ2023 የገባው ጁን 8 ነበር፤ በ2025 ደግሞ ሜይ 24። በሁለቱ መካከል ግማሽ ወር አለ። ስለዚህ «ዝናቡ ሳይገባ እንድረስ» ብሎ በሜይ መጨረሻ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ዕጣ እየጣለ ነው።

ብዙ ጓደኛሞች የሚስማሙበት ወር ዲሴምበር ነው፤ አሜሪካና አውሮፓ ለሚኖሩት የገና ዕረፍት አለ፣ ዓመታዊ ፈቃድም ያኔ ይጠራቀማል። ለምዕራቡ ጠረፍ ጥሩ ወር ነው። ለምሥራቁ ግን የነፋሱ ሰይፍ ያልተመለሰበት ወር ነው። የቼናይ ከተማ በ2015 ዲሴምበር መባቻ በጎርፍ ስትዋጥ አውሮፕላን ማረፊያዋ ሳይቀር ለቀናት ተዘግቶ ነበር፤ በ2023 ዲሴምበር ሚቻውንግ የተባለው አውሎ ነፋስ ከተማዋን ደግሞ አጥለቀለቃት። በኖቬምበር 2018 ጋጃ የተባለው በቬዳራንያም አጠገብ ወደ የብስ ገብቶ የኮኮናት ዛፎቹን እንደ ሣር አጨዳቸው። ከሁሉም የሚበልጠውን ማስረጃ ለማየት የሚፈልግ በራሜስዋራም ደሴት ጫፍ ያለችውን ዳኑሽኮዲን ይይ። በዲሴምበር 1964 በአንድ ሌሊት ወጀብ ከተማዋ ጠፋች፣ ወደ እሷ ይሄድ የነበረ ባቡርም ከነመንገደኞቹ ባሕር በላው። ዛሬ እስከ ጫፉ አስፋልት ገብቶላታል። በግራና በቀኝ ባሕር ነው፤ በመሃል ጣሪያ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ብቻ ቆሞ አሸዋ እግሩን ይበላዋል። በጃንዋሪ መጨረሻ ወይም በፌብሩዋሪ የሄደ ሰው ይህን በጠራ ሰማይ ሥር ቆሞ ያየዋል። በዲሴምበር መጀመሪያ የሄደው ያቺን ከተማ ያጠፋው ወቅት ውስጥ እየነዳ ነው። የምዕራቡም ጠረፍ ዋስትና እንዳልተሰጠው መናገር አለብኝ፤ በኖቬምበር መጨረሻ 2017 ኦኪ የተባለው አውሎ ነፋስ የካንያኩማሪንና የደቡብ ኬረላን ብዙ ዓሣ አጥማጆች ባሕር ላይ አስቀርቷል። ልዩነቱ በምዕራብ ይህ ብርቅ መሆኑ ነው፤ በምሥራቅ በየጥቂት ዓመቱ ይመላለሳል።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይመጣል። ጃንዋሪ ከተጋመሰ እስከ ማርች መጀመሪያ ሁለቱም ጠረፎች ደረቅ ናቸው፤ እንግዲያስ ያኔ ሙሉውን ዙር ብንሄድ ምን ይከለክለናል? ነፋሱ አይከለክልም፤ ይህን መቀበል ይገባል። የሚከለክለው ሌላ ነገር ነው። ኬረላ በ2011 በተደረገው ቆጠራ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 860 ሰው የሚኖርባት ግዛት ናት። ጠረፏን ይዞ የሚሄድ ሰው ከከተማ ወጥቶ ገጠር፣ ከገጠር ወጥቶ ከተማ የሚገባበት ድንበር አያገኝም። ቤት፣ ሱቅ፣ ትምህርት ቤት፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የቤተ መቅደስ በር፣ እንደገና ሱቅ፤ መንደሩ እንደ መቁጠሪያ የተሰካ ነው። በዚህ መሃል አውቶቡስ ይቆማል፣ ሦስት እግር ባጃጅ ይታጠፋል፣ ተማሪዎች ይሻገራሉ። በሰዓት 70 የተባለው ስሌት እዚህ ይወድቃል። የቀኑን ዕቅድ በሰዓት ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይዞ ማውጣት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው፤ የሻይና የፎቶ ማቆሚያውን ሳይጨምር። በዚህ ልክ ሲሰላ ከማንጋሎር እስከ ኮቺ ያለው 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ዐሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ አንድ ሙሉ ቀን ከንጋት እስከ ጭለማ፣ ባሕሩን ሳያዩ። ሙሉው ዙር ደግሞ ወደ አምሳ ሰዓት መንዳት ይሆናል። በዐሥር ቀን ፈቃድ ውስጥ በየቀኑ አምስት ሰዓት መኪና ውስጥ ማለት ነው።

ብርሃኑም ተለክቶ የተሰጠ ነው። በደቡብ ኬረላ ጠረፍ ያለችው ኮላም ከአዲስ አበባ ጋር በአንድ ኬክሮስ ላይ ናት ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ የቀኑ ርዝመት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ክረምት ከበጋ አሥራ ሁለት ሰዓት ግድም። በፌብሩዋሪ ፀሐይዋ በኬረላ ጠረፍ ባሕር የምትገባው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ለምን በብርሃን ብቻ እንነዳለን የሚል ካለ፣ በ2022 በሕንድ መንገዶች የሞቱት ሰዎች 168,491 መሆናቸውን የአገሩ መንግሥት ራሱ አሳውቋል። ማታ መብራት የሌለው ብስክሌት፣ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ የቆመ የጭነት መኪና፣ ከፊት የሚመጣ ረጅም መብራት አለ። መንገዱን የማያውቅ ሰው እነዚህን ሁሉ በአንድ ምሽት መማር የለበትም። ከዚህም በላይ ባሕሩን ሊያይ የሄደ ሰው ማታ የሚያየው የፊቱን ታርጋ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የአዲሱ መንገድ ነው። አውራ ጎዳና 66 ከሙምባይ አጠገብ ካለችው ፓንቬል እስከ ካንያኩማሪ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ ሲሆን የኬረላው ክፍል ወደ ስድስት መስመር እየሰፋ ነው። ሲጠናቀቅ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ የእኔም ስሌት በዚያ ልክ መታረም ይኖርበታል። ግን ሁለት ነገር ይታሰብ። አንደኛ፣ ሥራው ያለቀበትና ያላለቀበት ክፍል ተቀላቅሎ ባለበት ጊዜ መንገደኛው የሚያገኘው ጥቂት ኪሎ ሜትር ልሙጥ አስፋልት፣ ቀጥሎም አቧራማ ተለዋጭ መንገድ ነው። በሜይ 2025 በማላፑራም አውራጃ ኩሪያድ ላይ ከፍ ተደርጎ የተሞላው አዲሱ መንገድ ከነአፈሩ ተደርምሷል፤ ያም ዝናቡ ሊገባ ባለበት ሰሞን ነው። ሁለተኛው ነጥብ ከመጀመሪያው ይበልጥብኛል። ስድስት መስመር ያለው ጎዳና ፈጣን የሚሆነው በአጥርና በግድግዳ ከመንደሩ ስለተለየ ነው። ባሕሩ፣ የዓሣ ገበያው፣ የኮኮናት ገመድ የሚፈተልበት ግቢ ከግድግዳው ወዲያ ይቀራል። የጠረፍ ጉዞ ያሰኘው ሰው በአዲሱ ጎዳና ሊያገኝ የሚችለው ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው መዝለልን ነው፤ ያ ለአንድ ቀን ጥሩ ነው፣ ለስድስት ቀን ግን ባቡሩ ከዚያ የተሻለ መስኮት አለው።

እንግዲህ አጠር ያለ ቁራጭ ይመረጥ ካልን የትኛው? የእኔ ምርጫ ከካሳራጎድ እስከ ኮቺ ያለው፣ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በፌብሩዋሪ፣ በሰባት ቀን። ብዙ ሰው ከኮቺ ደቡብ ያሉትን የአላፑዛን የቤት ጀልባዎችና የቫርካላን ገደል ይመርጣል፤ ውበታቸውን አልክድም፣ ሰሜኑ ግን ለመንገድ የተሠራ ይመስላል። ከካሳራጎድ ጥቂት ወረድ ብሎ የቤካል ምሽግ አለ፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። ግድግዳውን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ድንጋዩ ቀይ ቡናማ ነው፣ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ። ከመሬት ሲወጣ ለስላሳ ስለሆነ በመጥረቢያ እንደ ሳሙና ይቆረጣል፤ አየር ሲያገኘው ይጠነክራል። ይህን ድንጋይ ላተራይት ብሎ ስም ያወጣለት ፍራንሲስ ቡካናን የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ነው፤ በ1807 ባሳተመው ጽሑፍ የገለጸው እዚሁ ማላባር ውስጥ፣ አንጋዲፑራም ላይ አይቶ ነው፤ ስሙም በላቲን «ጡብ» ከሚለው ቃል ወጣ። ሸክላ ሳይተኮስ ጡብ የሚሰጥ ምድር ነው። ከምሽጉ እስከ ኮቺ ድረስ በየግቢው አጥር፣ በየጉድጓዱ አፍ ይኸው ድንጋይ ይከተላችኋል።

ከዚያ ካኑር አለ፤ ከሱ ወረድ ብሎ ሙዛፒላንጋድ፣ አሸዋው ከመጠንከሩ የተነሣ መኪና በባሕሩ ጠርዝ ወደ አራት ኪሎ ሜትር የሚነዳበት ዳርቻ። ቴላሼሪ ሲደርሱ ምሳ ነው። የቴላሼሪ ቢርያኒ በሰሜን ሕንዱ ረጅም ባስማቲ አይሠራም፤ ከሙን የምታህል፣ አጭርና ጠረኗ የሚያውድ ሩዝ አለችው፤ ሩዙና ሥጋው ለየብቻ በስለው በመጨረሻ ድስቱ በሊጥ ታሽጎ ከላይም ከታችም ፍም ይደረግበታል። ክዳኑ ሲነሣ እንፋሎቱ ሰፈሩን ይጠራዋል። ቀጥሎ ማሄ፣ ዘጠኝ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች፣ ፈረንሳይ ትገዛት የነበረች ቁራሽ፤ እስከ ዛሬ የምትተዳደረው ከኬረላ ሳይሆን ባሻገር በምሥራቁ ጠረፍ ካለችው ፑዱቼሪ ነው። ነዳጅ በርካሽ የሚሞላውም እዚያ ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ በሜይ 1498 የደረሰበት ካፓድ ከኮዚኮድ በላይ ነው፤ ከከተማዋ በታች ቤይፖር ላይ አናጢዎች እስከ ዛሬ ከባድ የእንጨት መርከብ በእጅ ያንጻሉ፣ ደንበኞቻቸውም በአብዛኛው የባሕረ ሰላጤው አረቦች ናቸው። ከኮቺ በፊት ደግሞ ኮዱንጋሉር። የሙዚሪስ ወደብ እዚያ አካባቢ እንደነበረች ይታመናል፤ አጠገቧ ባለችው ፓታናም በ2007 በተጀመረው ቁፋሮ የሮማውያን የወይን ጠጅ እንስራ ስብርባሪ ወጥቷል። አዱሊስን በሚጠቅሰው በዚያው መምሪያ ላይ የተጻፈችው ወደብ እግራችሁ ሥር ናት ማለት ነው።

ዝናቡን የሚወዱ ሰዎች ተቃውሞ ከሁሉም የበለጠ ክብደት አለው እላለሁ። በጁላይ ኬረላን ያየ ሰው፣ ያን አረንጓዴ፣ ያን በቆርቆሮና በሸክላ ክዳን ላይ የሚወርድ ድምፅ፣ ጭጋግ የወረደበትን ኮረብታ፣ በበጋ ሊያገኘው አይችልም። የማረፊያ ዋጋም ይወርዳል። የኬረላ ሰዎች ራሳቸው ካርኪዳካም የሚሉትን ወር፣ ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት አጋማሽ ያለውን፣ ሰውነት የሚታከምበትና የመድኃኒት ቅጠል ገንፎ የሚበላበት አድርገው ይዘውታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ያ ወር የሚያዝዘው አንድ ቦታ መቀመጥን ነው፤ የአገሩ ሰው በዝናብ ወር ከቤት አይርቅም ነበር፣ ገንፎውም የተቀመጠ ሰው ምግብ ነው። በኦገስት 2018 በኬረላ የደረሰው ጎርፍ ከ400 በላይ ሰው ገድሏል፤ የኮቺ አውሮፕላን ማረፊያ ለሁለት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። ዝናቡን ለማየት የፈለጉ ጓደኛሞች አንድ ቤት ተከራይተው አንድ ሳምንት ይቀመጡ፤ መኪናውን ግን ይተዉት።

ባሕሩም በደረቅ ወር ሁልጊዜ የዋህ አይደለም። የኬረላ ዓሣ አጥማጆች ካላካዳል የሚሉት ነገር አለ፤ ትርጉሙ «ሌባ ባሕር» ማለት ነው። ነፋስ ሳይነሣ፣ ሰማዩ ጠርቶ እያለ፣ በተለይ በኤፕሪልና በሜይ፣ ውሃው ድንገት አብጦ ዳርቻውን አልፎ ቤት ይገባል። የሚነሣው ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ በደቡባዊው ውቅያኖስ ከሚነፍስ ማዕበል ነው፤ ሞገዱ ቀናት ተጉዞ ይደርሳል። ዛሬ ሃይደራባድ ያለው የአገሩ የውቅያኖስ መረጃ ማዕከል ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ ቃሉም ከዓሣ አጥማጆቹ አፍ ወደ ሳይንስ መጽሐፍ ገብቷል። ጠዋት ጠዋት ያን ማስጠንቀቂያ የሚያይ አንድ ጓደኛ መመደብ አለበት። ማታ ዳርቻው ላይ ምንጣፍ አንጥፎ መተኛት የሚያምረው ሰው በየቡድኑ አይጠፋምና።

ስለ መኪናው አጭር ነው። ሕንድ በግራ ይነዳል። አዲስ አበባ፣ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን መንዳት የለመደ እጅ በጠባብ መንደር ውስጥ፣ አውቶቡስ ፊት ለፊት ሲመጣ፣ በደመ ነፍስ ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ ለንደን የሚኖር ጓደኛ ያላቸው በዚህ ይታደላሉ። ለቀሩት መኪናን ከነሾፌሩ መከራየት ይሻላል። ከነሾፌሩ ለሚከራይ መኪና የሚፈቀደው ቢጫ ታርጋ ነው፤ ነጭ ታርጋ የለበሰ የግል መኪና በኪራይ ከተሰጣችሁ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ጥያቄ ያነሣል። ሾፌሩ ከኪራዩ ሌላ «ባታ» የሚባል የቀን አበል አለው፣ ሌሊት ሲያድርም ይጨመርለታል። ኮቺ ላይ ከተለያችሁ ባዶ መኪናውን ወደ ካሳራጎድ የሚመልስበት ኪሎ ሜትርም በእናንተ ሒሳብ ነው፤ ይህ መጨረሻ ላይ ሲነገር የሚያጣላ፣ መጀመሪያ ላይ ሲነገር ማንም የማይከፋበት ገንዘብ ነው። አንድ የጋራ ኪስ ይኑር፣ አንድ ሰው ይያዘው፣ ነዳጁም ባታውም የመንገድ ክፍያውም ከዚያ ይውጣ። ጓደኛሞች በጉዞ ላይ የሚኮራረፉት በትልቁ ወጪ አይደለም፤ «ትናንት ሻዩን እኔ ነኝ የከፈልኩት» በሚለው ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከልብ የሚመጣ ነው፦ ይህን ያህል ከታቀደ ጉዞው የቢሮ ሥራ አልሆነም ወይ? በነፋስና በብርሃን ያቀደ ሰው በእጁ ትርፍ ቀን ይቀረዋል፤ በኪሎ ሜትር ያቀደው ግን እያንዳንዱን ቀን ተበድሮ ነው የሚሄደው፣ አንድ ጎማ ቢፈነዳ የነገው ሆቴል ይቃጠልበታል። በሰባቱ ቀን ውስጥ ምንም ያልተጻፈበት አንድ ቀን ይኑር፣ ቦታውም ካኑር ይሁን። ምክንያቱ ቴያም ነው። ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ሜይ፣ ማለትም ዝናቡ ከወጣ እስኪገባ፣ በካኑርና በካሳራጎድ መንደሮች በየአጥቢያው መቅደስ ሰው ፊቱን ቀይ ተቀብቶ፣ ቁመቱን የሚበልጥ አክሊል ደፍቶ፣ በችቦና በከበሮ መሃል አምላኩ ያድርበታል፤ ሰዎችም ቀርበው ችግራቸውን ይነግሩታል፣ እሱም ይመልሳል። ለቱሪስት የተዘጋጀ ትርዒት አይደለም፣ ትኬትም የለውም። ብዙውን ጊዜ ጥልቁ ክፍል የሚሆነው ሊነጋጋ ሲል ነው። የትኛው መንደር፣ በየትኛው ሌሊት እንደሆነ በደንብ የሚያውቀው የሻይ ቤቱ ባለቤት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጠይቃችሁት «ዛሬ ሌሊት፣ ከዚህ ስምንት ኪሎ ሜትር» ካላችሁ፣ ያን ቀን ሌላ ቦታ አትሂዱ። ሾፌሩን ግን አስቡ፤ በ1961 የወጣው የአገሩ የሞተር ትራንስፖርት ሠራተኞች ሕግ ሾፌር በቀን ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይል ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት በጨለማ ስምንት ኪሎ ሜትር የሚነዳላችሁ ሰው ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ እራቱን በጊዜ አብሉት፣ ክፍሉ መስኮትና ማራገቢያ ያለው መሆኑን እዩለት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላም ማንም ስልክ አይደውልለት።